በኖሪኮ ፈገግታና እንባ መሀል የገባው የአበባ ማስቀመጫ

አንዲት ሴት በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ፈገግ ትላለች። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ይመጣል። ተመልሰን ሴትዮዋን ስናያት ፊቷ ሌላ ሆኗል፤ እንባዋ ቀርቧል። ከዚያ ያው የአበባ ማስቀመጫ እንደገና ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የማስቀመጫው ሁለት ምስሎች ቢደመሩ ግማሽ ደቂቃ አይሞሉም። የፊልም ምሁራን ግን በዚህች ቁራጭ ላይ ሃምሳ ዓመት አልፎ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ዛሬም አልታረቁም።

ፊልሙ ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ እ.አ.አ በ1949 የሠራው «ባንሹን» ነው። በእኛ «የጸደይ መጨረሻ» ብንለው ያስኬዳል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 108 ደቂቃ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2012 የዓለም ሃያስያንን ድምፅ ሲሰበስብ ከምንጊዜም ምርጥ ፊልሞች 15ኛ ሆኖ ወጥቷል። ተኩስ የለበትም፤ ማባረር የለበትም፤ የመሳሳም ትዕይንት እንኳ የለበትም። ያለው አንድ አባትና አንዲት ልጅ ናቸው።

አሁን አሁን ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ «የፊልሙ መጨረሻ ሲብራራ» የሚል ቪዲዮ እንደ አሸን ፈልቷል። በአማርኛም ሁለት ሰዓት የፈጀ ፊልም በአሥራ አምስት ደቂቃ ተርኮ፣ ምልክቱን ሁሉ ፈትቶ የሚያስረክብ ሞልቷል። እኔም አያለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ «ይሄ ነገር የምን ምልክት ነው?» የኦዙ የአበባ ማስቀመጫ ይህን ጥያቄ እምቢ የሚል ዕቃ ነው። እምቢታውን በደንብ ካየነው ደግሞ ስለ ሌሎች ፊልሞች የምንጠይቀውም ይስተካከላል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን።

ኖሪኮ 27 ዓመቷ ነው። ከቶኪዮ በባቡር በምትደረሰው በካማኩራ ከአባቷ ከፕሮፌሰር ሹኪቺ ጋር ትኖራለች። እናቷ ሞታለች። በጦርነቱ ጊዜ በግዳጅ ሥራ ጤናዋ ተጎድቶ ነበር፤ አሁን ድናለች። አባቷን ታበላለች፣ ታለብሳለች፣ ካፖርቱን ትቀበላለች፤ ሲያመሽ ትቆጣዋለች። ደስተኛ ናት። ችግሩ ሌላው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ጃፓን 27 ዓመት ማለት ቆሞ ለመቅረት አፋፍ ላይ መድረስ ነው። አክስቷ ማሳ አታርፍም። ባል ታፈላልጋለች። የምትለውንና የምታደርገውን ስታዩ ሠፈራችሁ ያለችውን አክስት ታስታውሳችኋለች፤ የግርጌ ጽሑፉን ባታነቡ እንኳ ነገሩ ይገባችኋል።

አክስቷ የምታመጣው ሰው ሳታኬ ይባላል። መልኩ የሆሊውዱን ተዋናይ ጋሪ ኩፐርን ይመስላል ይሉታል፤ በተለይ አፉ አካባቢ። እኛ ግን እናምናቸው ወይ አናምናቸው ለመፍረድ ዕድል አናገኝም። ይህን ሰው ፊልሙ አንድ ጊዜም አያሳየንም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኖሪኮ አላገባም ትላለች። አባቷን ማን ይይዘዋል? አባትየው ይህን ሲያይ ይዋሻታል። እኔም ሚዋ የምትባለውን ሴት ላገባ ነው ይላታል። ለኖሪኮ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ቀደም ብሎ የአባቷ ወዳጅ ኦኖዴራ ሚስቱ ሞታበት ሌላ ማግባቱን ስትሰማ «ይሄ የሚያስጸይፍ ነገር ነው» ብላ ፊት ለፊት ነግራው ነበር። አሁን ያ የሚያስጸይፍ ነገር ቤቷ መጣ። ሆድ ባሳት። ተናደደች። በመጨረሻ እሺ አለች። ከሠርጉ በፊት አባትና ልጅ የመጨረሻ ጉዟቸውን ወደ ኪዮቶ ያደርጋሉ፤ ያቺ ሌሊት የምትመጣው እዚያ ነው።

ማረፊያ ቤት ውስጥ ናቸው። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግቶላቸው ተኝተዋል። መብራቱ ጠፍቷል። ቀን ላይ የኦኖዴራን አዲሷን ሚስት አይታታለች፤ ጥሩ ሰው ሆና አግኝታታለች። እንዲያ ማለቴ ልክ አልነበረም ትላለች። አባቷ አትጨነቂ ይላታል። ቀጥላ ስለ ራሱ ስለ አባቷ የተሰማትን መናገር ትጀምራለች። መልስ የለም። ዞር ብላ ታየዋለች፤ እንቅልፍ ወስዶታል። ወደ ጣሪያው ተመልሳ ፈገግ ትላለች። ያኔ ነው ማስቀመጫው የሚመጣው። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ዕቃው ቆሟል፤ ከኋላው ወረቀት በለበሰው መስኮት ላይ የቀርከሃ ቅጠል ጥላ አለ። የአባቷ ማንኮራፋት ይሰማል። ማንኮራፋቱን ብዙ ተንታኞች ሲዘሉት አያለሁ። ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለ ዘላለማዊነት የተጻፈለት ያ ሁሉ ጥቅስ የሚቆመው በሚያንኮራፋ ሽማግሌ ድምፅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ።

ነገሩን ታዋቂ ያደረገው አሜሪካዊው ፖል ሽሬደር ነው። በኋላ የ«ታክሲ ድራይቨር»ን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ማለት ነው። በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ማስቀመጫውን መንፈሳዊ ነገር አደረገው። እርስ በርሱ የሚጋጨውን ስሜት ሁሉ ተቀብሎ ወደ አንድ የረጋና ዘላለማዊ ነገር የሚለውጥ መልክ ነው አለ። የዜን ቡድሂዝምን መንፈስ አየበት። የኦዙ መቃብር ሐውልት ላይ ስሙ የለም፤ «ምንም» የሚል ትርጉም ያላት አንዲት ፊደል ብቻ ናት የተቀረጸችው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሲሰሙ ብዙዎች ከሽሬደር ጋር ሆኑ።

የጃፓን ፊልምን ለምዕራቡ ዓለም ያስተዋወቀው ዶናልድ ሪቺ ለዘብ ይላል። ለሱ ማስቀመጫው እኛ ተመልካቾች ስሜታችንን የምናፈስበት መያዣ ነው፤ ኖሪኮም ታየዋለች፣ እኛም ከሷ ጋር እናየዋለን። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዢል ደሉዝ ደግሞ በ1985 መጥቶ ዕቃው ጊዜ ራሱ ነው አለ። ፈገግታው ወደ እንባ ይለወጣል፤ ለውጡን የያዘው ቅርጽ ግን አይለወጥም። ፈላስፋ የአበባ ማስቀመጫ ካገኘ መቼም አይለቅም።

ይህን ሁሉ የምታፈርሰው የፊልም ምሁሯ ክርስቲን ቶምሰን ናት። ከዴቪድ ቦርድዌል ጋር ሆና ከ1976 ጀምሮ ስለ ኦዙ ጽፋለች። የሷ ነጥብ ቀዝቃዛ ነው፤ ኖሪኮ ማስቀመጫውን አታየውም፣ ታሪኩም ስለሱ አንድ ቃል አይናገርም፣ ስለዚህ በምትኩ ሌላ ማንኛውም ዕቃ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ይህን ለማለት ምክንያት አላት። ኦዙ ዕቃ ይወድ ነበር፤ የሚወደው ግን ለምስሉ ውበት ነበር። በ1958 የመጀመሪያ ባለቀለም ፊልሙን ሲሠራ አንዲት ቀይ ማንቆርቆሪያ አስገባ። ይቺ ማንቆርቆሪያ ካሜራው ቦታ በለወጠ ቁጥር እሷም ቦታ ትለውጣለች፤ ማንም ሳይነካት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ለሌላ ዳይሬክተር ስሕተት ነው። ኦዙ ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ ቀይዋ ነጥብ ምስሉ ውስጥ የት ብትሆን እንደምታምር ያውቃልና።

እኔ የማደላው ወደ ቶምሰን ነው። ግን በራሴ መንገድ።

እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ለዚህ ዓይነት አደን ቅርብ ነን። ሰሙን ከነገሩን ወርቁን እንፈልጋለን። የፍቅር ዘፈን ሰምተን «ይሄማ ፖለቲካ ነው» ለማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም። ነገር ግን ቅኔ ደንብ አለው። ሰሙና ወርቁ የሚገናኙበት፣ ሁለቱንም ትርጉም የሚሸከም ህብረ ቃል መኖር አለበት። ህብረ ቃሉን ሳታሳዩ «ወርቁ ይሄ ነው» ብትሉ የቅኔ መምህሩ ይስቅባችኋል። ይህን መለኪያ ወደ ፊልም ብናመጣው ብዙ ግርግር ይቀንሳል። የ1941ዱን የኦርሰን ዌልስን «ሲቲዝን ኬን» ውሰዱ። ኬን «ሮዝበድ» ብሎ ይሞታል። ጋዜጠኛው ቃሉን ይዞ ሰው ለሰው ይዞራል፤ አይሳካለትም። በመጨረሻ የልጅነቱ የበረዶ መንሸራተቻ እሳት ውስጥ ሲገባ ቃሉ ላዩ ላይ ተጽፎ እናያለን። ህብር ማለት ይሄ ነው። ዕቃውን ከሰውየው ሕይወት ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ ፊልሙ ውስጥ አለ። ምልክት ነው ብንል ማንም አይከራከረንም።

በኦዙ ማስቀመጫ ላይ እንዲህ ያለ ገመድ የለም። ከዚያች ሌሊት በፊት አላየነውም። ከዚያ በኋላም አናየውም። ማንም አያነሳውም፣ ማንም ስሙን አይጠራውም። የእናትየዋ ቅርስ ነው አልተባለም። እንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ያለ የቤቱ ዕቃ ነው። «የጃፓን ባህል ነው»፣ «የሴትነት ምልክት ነው»፣ «የተዘጋ ልብ ነው» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይከለክልም። ግን ወርቁን እኛው ይዘን መጥተን ነው ያገኘነው።

ታዲያ ለምን ተቀመጠ? እዚህ ላይ ከቶምሰን እለያለሁ። ዕቃው ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን ማንኛውም አይደለም።

ለዚህ ማስረጃዬ ሌላ ትዕይንት ነው። ከኪዮቶ በፊት አባትና ልጅ የኖህ ቲያትር ለማየት ይሄዳሉ። ኖህ ጥንታዊው የጃፓን ጭምብል ለባሽ ቲያትር ነው። ኖሪኮ ደስ ብሏት ስታይ አባቷ ራቅ ብላ ለተቀመጠች ሴት በአክብሮት ጎንበስ ይላል። ሚዋ ናት። ኖሪኮም እጅ ትነሳለች። ከዚያ ቀና ትልና አባቷን ታያለች። ሴትየዋን ታያለች። እንደገና አባቷን። ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ከመድረኩ ዜማ በቀር ማንም አይናገርም። ኖሪኮን ሆና የምትጫወተው የሴትሱኮ ሃራ ፊት ዓይናችን እያየ ይጠቁራል። ደስታው ቀስ በቀስ ሲፈስስ፣ ቅናቱና ሐዘኑ ሲገባ፣ አንገቷ ሲሰበር አንድም ነገር አያመልጠንም።

ስለዚህ ኦዙ የፊት መለወጥን ማሳየት ያቅተዋል ማለት አይቻልም። ሃራም ያቅታታል ማለት አይቻልም። ኪዮቶ ላይ ግን ይህንኑ ለውጥ ከዓይናችን ሰወረው። ፈገግታውን አየን፤ እንባውን አየን፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረችበትን ሰዓት አላየንም። በዚያ ሰዓት የምናየው ዕቃ ነው። ማስቀመጫው የቆመው እኛ እንዳናይ የተከለከልነው ነገር ፊት ላይ ነው።

አንዴ እንዲህ ካያችሁት ፊልሙ ሙሉ በዚህ ዓይነት ክልከላ የተሠራ መሆኑ ይገለጥላችኋል። ሙሽራውን አላየነውም ብያችኋለሁ። ሁለቱ መጀመሪያ የሚተያዩበትንም ቀን አናየውም። ኖሪኮ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ፣ ተንበርክካ አባቷን ስትሰናበት እናያለን፤ ሠርጉን ግን አናይም። ከዚያ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ መስታወቱና በርጩማው ይቀራሉ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የሆነው ጋብቻ ራሱ ከፊልሙ ውጭ ነው የተፈጸመው። ሠርግ የሌለበት የሠርግ ፊልም ለማን ይሸጣል ብትሉ እውነታችሁን ነው፤ ለኛ አገር ተመልካችማ ከባድ ነው።

የአባትየውም ነገር እንዲሁ ነው። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ለኖሪኮ ጓደኛ ለአያ ውሸቱን ይነግራታል፤ ሚስት ላገባ ነው ማለቴ ልጄ እንድትሄድ ብዬ ነው ይላታል። ቤቱ ይገባል። ብቻውን ተቀምጦ ፖም ይልጣል። ልጣጩ ሳይቆረጥ እየረዘመ ይወርዳል። ከዚያ እጁ ይቆማል፤ ራሱም ወደ ደረቱ ያዘነብላል። ተዋናዩ ቺሹ ርዩ በኋላ እንደተናገረው ኦዙ እዚህ ላይ ድምፅ አውጥቶ እንዲያለቅስ ጠይቆት ነበር፤ ርዩ ግን አልችልም አለው። እንኳንም አልቻለ! አባትየው አንጀት የሚበላው ባለማልቀሱ ነው። የልጅየዋም እንባ ገና ሳይወርድ ካሜራው ወደ ማስቀመጫው መሄዱ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የመጀመሪያው የማስቀመጫ ምስል ለውጡን ይደብቃል፤ ሁለተኛው ለቅሶውን ይነፍገናል። ሁለተኛው ምስል ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ ለኔ የሚመለሰው እንዲህ ነው፤ «ቀጣዩን አታዩም» ማለቱ ነው።

ኦዙ ከማስቀመጫው ቀጥሎ የት እንደሚወስደን ደግሞ ልብ በሉ። ኪዮቶ ወዳለው ርዮአንጂ ቤተ መቅደስ። እዚያ ነጭ ጠጠር የተነጠፈበትና 15 ድንጋዮች የተቀመጡበት የታወቀ ቅጥር ግቢ አለ። ከበረንዳው ላይ የትም ብትቀመጡ አሥራ አምስቱንም በአንድ ጊዜ አታዩም፤ ሁሌም ቢያንስ አንዱ ከሌላው ጀርባ ይደበቃል። ድንጋዮቹ የምን ምሳሌ እንደሆኑም ሰዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። ኦዙ አባትየውንና ኦኖዴራን እዚያ በረንዳ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ስለ ድንጋዮቹ ትርጉም ያወራሉ? ኧረ ወዲያ። የሚያወሩት ሴት ልጅ አሳድጎ ለሰው መስጠት እንዴት እንደሚከፋ ነው። የዜን ትርጓሜ የሚወዱ ሰዎች ይህን ቦታ ለማስረጃ ይጠሩታል። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። ኦዙ በዓለም ላይ ከባዱን እንቆቅልሽ ፊታቸው ዘርግቶ ሁለቱን ሽማግሌዎች ስለ ልጆቻቸው ሲያናግራቸው እየቀለደብንም ይሆናል።

ስለ ትርጓሜ ካነሳን ከሁሉም በላይ የሚቆጠቁጠው የፊልም ሃያሲው የሮቢን ዉድ ነው። ማስቀመጫውን ሙጥኝ አላለም፤ ጠቅላላ ፊልሙን ነው ያየው። ብዙዎች «የጸደይ መጨረሻ»ን ሕይወትን እንዳመጣጡ የመቀበል ፊልም ያደርጉታል፤ ያሳዝናል፣ ግን የተፈጥሮ ሕግ ነው ይላሉ። ዉድ አይቀበልም። ይህ ፊልም የኖሪኮ ደስታ ለማኅበረሰቡ ሥርዓት ሲባል የተሠዋበት ታሪክ ነው ይላል። ደስተኛ ነበረች። ማንም አልበደላትም፣ ማንንም አልበደለችም። «ጊዜሽ ደርሷል» ተብላ ከቤቷ ወጣች። በዋሻት አባት፣ ባፈላለገች አክስት፣ በሁሉም ሰው መልካም ፈቃድ።

ይህ ንባብ ትክክል ከሆነ የሽሬደር ሰላማዊ ማስቀመጫ አደጋ አለው። «ተቃርኖው ሁሉ ወደ አንድ የረጋ ነገር ተለወጠ» ስንል የሴትዮዋን እምቢታ አብረን እናረጋዋለን። እሷ ግን አልረጋችም። ኋላ ሻንጣ ሲያሰናዱ ከአባቷ ጋር እንዲሁ መኖር እንደምትፈልግ ትነግረዋለች፤ ቢያገባም እንኳ። አባትየው ረጅም ምክር ይሰጣታል። ደስታ የሚጠበቅ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ነው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል ይላታል። እሺ ትላለች፤ ትስቃለች። ሃራ በዚህ ፊልም የምትስቀው ሳቅ ግማሹ የሚያስፈራ ነው፤ ሳቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልታለቅስ በሚገባት ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ተራኪዎቹ ልመለስ። ይህ ፊልም በአሥራ አምስት ደቂቃ ቢተረክ መጀመሪያ ተቆርጦ የሚወድቀው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ምንም የማይሆንበት፣ ማንም የማይናገርበት፣ ዕቃ ብቻ የሚታይበት ጥቂት ሴኮንድ ማን ያስቀራል? «ኖሪኮ ፈገግ አለች፤ ከዚያ አለቀሰች» ይባላል። ግን ያኔ ጣጣ ይመጣል። ፈገግታና ለቅሶ ሲጣበቁ ተመልካቹ «ለምን?» ይላል፤ ተራኪው መልስ ሊፈጥር ይገደዳል። ከአባቷ መለየቷ አሳዝኗት ነው ይላል። ወይም አባቷ ሚስት ሊያገባ መሆኑ ትዝ ብሏት። ወይም ስለ ኦኖዴራ በተናገረችው ተጸጽታ። ሦስቱም ያስኬዳሉ። ምናልባት ሦስቱም እውነት ናቸው። ኦዙ መሀል ላይ ዕቃ ባያስቀምጥ ኖሮ እሱም ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ፊልሙን ለማየት ያሰበ ሰው ካለ አንድ ነገር ልጠይቀው። የኪዮቶው ሌሊት ሲደርስ ስለ ማስቀመጫው ያነበበውን ሁሉ፣ ይህንንም ጽሑፍ ጨምሮ፣ ወደ ጎን ይተወውና ማንኮራፋቱን ያዳምጥ። አባትየው እዚያው አጠገቧ ተኝቶ የሆነውን ሁሉ አልሰማም። ከእኛም ያነሰ ነው የሚያውቀው።